በ«መ» እና በ«ሞ» መካከል

አጎታችን ዓይናቸውን ሊታከሙ ከደብረ ማርቆስ የመጡት ባለፈው ሐምሌ ነው። የእናታችን ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ሞራ ለብሰው ሰው የሚለዩት በድምፁና በኮቴው ብቻ ሆኖ ነበር። ኦፕራሲዮኑ ለሐሙስ ተቀጠረ። እሳቸው ማክሰኞ አዲስ አበባ ሊገቡ፣ እኔ አውቶቡስ ተራ ወርጄ ልቀበላቸው፣ ቤት ስንገባ ሜሪላንድ ላለችው እህቴ «መጥተዋል» ብዬ ልጽፍላት ተስማማን። መቀበሉ ቀን ሙሉ ዝናብ ሲመታኝ አዋለኝ እንጂ በሰላም አለቀ። ያቺን አንዲት ቃል መጻፉ ግን ቤተሰብ አስለቀሰ።

እንዴት እንደሆነ ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ነገሩ የሚጀምረው ከእጄ ከማይለየው የጌም እቃ ነው።

ጌም እወዳለሁ። ያደግሁት በሰፈራችን ጌም ቤት ነው ማለት ይቻላል፤ አንድ ቴሌቪዥን ፊት አሥር ልጅ ተፋፍጎ፣ ሁለቱ ሲጫወቱ ስምንቱ ተራ የሚጠብቅበት ጠባብ ክፍል። እዚያ የተማርኩት አንድ ነገር አለ። ጆይስቲክ የያዘ ልጅ እጁን አያይም። ዓይኑ ኳሱ ላይ ነው፤ የትኛው ቁልፍ የት እንዳለ አውራ ጣቱ ያውቃል። ጀማሪውን የምንለየው በዚህ ነበር። በየመሀሉ አንገቱን ደፍቶ ጆይስቲኩን ያያል፤ ቀና ሲል ጎል ገብቶበታል። ጣት ቁልፍን አንዴ ከለመደ ዓይንን ነፃ ያወጣዋል፤ ይህን ከማንም መምህር በፊት የነገረኝ ያ ክፍል ነው።

ካደግሁ በኋላ ጌም ቤቱ ቀርቶ በእጅ ወደሚያዙት እቃዎች ዞርኩ። የመጀመሪያዬ ዘመድ ከዱባይ ያመጣልኝ ያገለገለ ጂፒዲ ዊን ነበር። በ2016 የወጣ ነው (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)። ሲዘጋ ኪስ ይገባል፤ ሲከፈት ትንሽዬ ላፕቶፕ ነው፤ ላዩ 5.5 ኢንች ስክሪን፣ ታቹ ጆይስቲኮቹና ሙሉ ኪቦርድ። ቁልፎቹ ሽምብራ ያክላሉ። ውስጡ ዊንዶውስ 10 ስለሆነ አማርኛ አያስቸግረውም። ለጌም የገዛሁት እቃ ቀስ በቀስ ማስታወሻ ደብተሬ ሆነ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ባንክ ወረፋ ስጠብቅ፣ በሁለት አውራ ጣት እጽፍበት ነበር። ጥቂት ወራት እንዳለፉ ቁልፎቹን ማየት ተውኩ። ታክሲው ጉድጓድ ሲገባ እንኳ ጣቴ ከቦታው አይወርድም፤ እያንዳንዱ ቁልፍ ከጎረቤቱ በቀጭን ቦይ ተለይቷልና ጠርዙ ይይዘኛል። ስጫነው ረገብ ብሎ ጠቅ ይላል። ያቺ ጠቅታ «ሰምቻለሁ» የምትል መልስ ናት።

እንዲህ ያለ እቃ ብርቅ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በእጅ የሚያዝ ጌምና ኪቦርድ ሲቀራረቡና ሲራራቁ ነው የኖሩት። ኔንቲዶ በ1989 ጌም ቦይን ሲያወጣ እቃው ከአቅጣጫ መስቀሉ ሌላ አራት ቁልፍ ብቻ ነበረው። ዎርክቦይ የሚባል ትንሽ ኪቦርድ ከጌም ቦይ ጋር እየተገጠመ አድራሻና ቀጠሮ እንዲያስይዝ ታስቦ ተሠርቶ ነበር፤ ገበያ ሳይወጣ ቀረና ጠፍቶ የነበረ ናሙናው ተገኝቶ የታየው በ2020 ነው። ኖኪያ በ2003 ያወጣው ኤን-ጌጅ ስልክም ጌምም ስለነበር የቁጥር ቁልፎቹን እንደያዘ መጣ። ፓንዶራ የሚባለውን ደግሞ ጌም አፍቃሪዎች ራሳቸው ተሰባስበው አሠሩት፤ ከ2010 ጀምሮ በየገዢው እጅ ሲገባ 43 ቁልፍ ያለው ኪቦርድ ነበረው። እነዚህ ሁሉ የጥቂት ሰዎች ፍቅር ሆነው ቀሩ። ገበያውን የያዙት እንደ 2017ቱ ኔንቲዶ ስዊችና እንደ 2022ቱ ስቲም ዴክ ያሉት፣ ኪቦርድ የሌላቸው ናቸው። በእነሱ ላይ መጻፍ ሲያስፈልግ ኪቦርዱ መስታወቱ ላይ ተስሎ ይመጣል፤ ጽፈው ሲጨርሱ ይጠፋል።

ምክንያቱ ይገባኛል። ጌም የሚጫወት ሰው የሚጽፈው ጥቂት ነው፤ ስሙን፣ የይለፍ ቃሉን፣ የሚፈልገውን ጌም ርዕስ። ለዚህ ብሎ 40 ቁልፍ መደርደር ቦታ ይበላል፣ ዋጋ ይጨምራል። ስቲቭ ጆብስም በጃንዋሪ 2007 አይፎንን ሲያስተዋውቅ ያነሳው ክርክር ይህንኑ ይመስላል፤ የፕላስቲክ ቁልፍ ቢያስፈልግም ባያስፈልግም ከቦታው አይነቃነቅም፤ አንዴ ከተሠራ አይለወጥም አለ። እውነት ነው። ለጣት ዋስትና የሚሆነው ግን ይኸው አለመነቃነቁ ነው። ጂፒዲ ራሱ በ2021 ያወጣው ዊን 3 ስክሪኑ ወደ ላይ ሲንሸራተት ከሥሩ የሚታየው ኪቦርድ ልሙጥ፣ በመንካት ብቻ የሚሠራ ነበር። ቀጥሎ በመጣው ዊን 4 ወደሚረግቡ ቁልፎች ተመለሱ። የተመለሱበትን ምክንያት ባይነግሩኝም ጣቴ ያውቀዋል።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ጂፒዲዬን ሸጥኩት። አርጅቶ አዳዲሶቹን ጌሞች መሸከም አቅቶት ነበር። የገዛሁት አዲሱ ባለ 7 ኢንች ነው፤ ስክሪኑ ያማረ፣ ጉልበቱ የበረታ፣ ኪቦርድ ግን የሌለው። አማርኛ የምጽፍበት ከብራውዘሩ ላይ በሚከፈት የፊደል ሰሌዳ ነው። ፊደሉን ሲነኩት ግዕዙ ይጻፋል፤ ትንሽ ቆየት ካሉበት የቀሩት ስድስቱ በላዩ ተሰልፈው ይወጡና ጣትን ወደሚፈልጉት ማንሸራተት ነው። ለጌም ስም መፈለጊያ ይበቃኛል ብዬ ነበር።

ወደ ማክሰኞው ልመለስ። ጋሼ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሱ። መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀን ከቀና ለምሳ አዲስ አበባ ነው። ክረምት ግን የራሱ ሕግ አለው። ዓባይ በረሃ ላይ ናዳ መንገድ ዘጋ የሚል ወሬ ረፋዱ ላይ ደረሰን። ጋሼ ጋ ብንደውል ስልካቸው ዝግ ነው። ባትሪ ይቆጥብልኝ ብለው አጥፍተውት ኖሯል፤ እኛ ያንን በምን እንወቅ? ሜሪላንድ በክረምት ከእኛ ሰባት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እህቴ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ «ጋሼ ምን ሆኑ?» እያለች ደጋግማ ጻፈችልኝ። አባታችን ከሞተ በኋላ ያስተማራት ጋሼ ናቸው። ደብረ ማርቆስ እሳቸው ቤት ተቀምጣ ነው 12ኛ ክፍልን የጨረሰችው።

አውቶቡሱ የገባው ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። ጋሼን ከደረጃው አቅፌ አወረድኳቸው። ጤፍ በጆንያ፣ ማር በጀሪካን ይዘው መጥተዋል። ጆንያውን ልሸከም ጎንበስ ስል ስልኬ ከደረት ኪሴ ሾልኮ ኮብልስቶኑ ላይ በጠርዙ አረፈ። መስታወቱ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጠቀ፤ ስክሪኑ ጠቆረ። አልሞተም። ታክሲ ውስጥ ገብተን ስንሄድ ኪሴ ውስጥ ጠራ። እህቴ እንደሆነች ገመትኩ። አወጣሁት። ይጮኻል፣ ይንቀጠቀጣል፣ መቀበል ግን አይቻልም፤ ጥሪ መቀበያው የሚንሸራተተው በጠቆረው መስታወት ላይ ነዋ። ጣቴን በየቦታው ብጎትት አልሰማ አለ። «ለምን አታነሳውም?» አሉኝ ጋሼ። «ተሰበረ» አልኳቸው። «ይጮህ የለም እንዴ?» አሉ። መልስ አልነበረኝም።

ቤት ስንደርስ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ ለክረምቱ እናቷ ዘንድ ሄዳለች፤ ላፕቶፔ ቢሮ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ሌላ ስልክ ያለ አልመሰለኝም። ጋሼን እግራቸውን አጥቤ፣ ሽሮ አሙቄ አብልቼ፣ ጋደም እንዲሉ አደረግሁ። ከዚያ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩና የጌም እቃዬን አበራሁት። ዋይፋይ አለው፤ ቴሌግራም በብራውዘር ይከፈታል። የእህቴ መልእክቶች ተደርድረው ጠበቁኝ። የመጨረሻው «እባክህ አንድ ቃል» ይላል።

የሆነውን በዝርዝር የምናገረው በኋላ ደጋግሜ ስላጠናሁት ነው። እቃው ከግማሽ ኪሎ በላይ ይመዝናል። ግራ እጄ ደግፎታል፤ የምጽፈው በቀኝ አውራ ጣቴ ነው። ጣቴ ከዝናቡና ከእግር ማጠቢያው ውኃ ገና አልደረቀም። የአሁኖቹ ስክሪኖች ደግሞ ግፊት አያውቁም፤ የሚያውቁት ጣት ሲቀርባቸው በመስታወቱ ሥር የሚለወጠውን የኤሌክትሪክ ምልክት ነው። ኔንቲዶ በ2004 ያወጣው ዲኤስ ላይ የነበረው ስክሪን ሁለት ስስ ንጣፍ ተጭኖ ሲገናኝ ነበር የሚሠራው፤ በብዕር ጫፍም በጥፍርም ቢነኩት ይሰማል። የዛሬዎቹ ግን እርጥበት ያደናግራቸዋል፤ ጠብታውን ጣት ነው ይላሉ፣ ጣቱን ይስታሉ። እንግዲህ «መ»ን ነካሁ። እርጥቡ ጣቴ ትንሽ ቆየ፤ ስድስቱ ወንድሞች ወጡ። ሳነሳው ወደ ቀኝ ሸርተት አለ፤ ዳር ላይ ያለው ሳብዑ ነው። «ጥ»ን ነካሁ፤ አልሰማኝም። «ተ»፣ «ዋ»፣ «ል» በትክክል ገቡ። ዓይኔ በዚህ ሁሉ ጊዜ ጣቴ ላይ ነበር። ጠቅ የሚል ነገር ስለሌለ የትኛው ፊደል የት እንዳለ ለማወቅ መስታወቱን ማየት ነበረብኝ፤ መስታወቱን ሳይ የተጻፈውን አላየሁም። ልክ ጌም ቤት እንደነበረው ጀማሪ ልጅ፣ ጎሉ የገባው አንገቴን በደፋሁበት ነው።

የላክሁት መልእክት ይህ ነበር፦ «ጋሼ ሞተዋል። መንገዱ በጣም አድክሟቸው ነበር። አሁን አርፈዋል። አታስቢ።»

አማርኛ የሚናገር ሁሉ እዚህ ላይ ምን እንደደረሰ ይገባዋል። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ስህተት የለበትም። ጋሼ ጋደም ብለዋል፣ አርፈዋል፤ የጻፍኩት ይህንኑ ነው። ነገር ግን ከ«ሞተዋል» ቀጥሎ የመጣ «አርፈዋል» ሌላ ትርጉም የለውም። በትክክል የጻፍኩት ቃል የተሳሳተውን መሰከረለት። «አታስቢ» ደግሞ ከጭካኔ ተቆጠረ።

መልእክቱ እንደሄደ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ መብራት ጠፋ። ከመብራቱ ጋር ዋይፋዩም ሄደ። የተሰበረው ስልኬ ጠረጴዛው ላይ መጮህ ጀመረ። ጮኸ፣ አቆመ፣ ጮኸ። ደስ ብሏት ነው ብዬ ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ ፈገግ አልኩ። እህቴ በዚያ ሰዓት በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ፣ የሠራተኞች ልብስ መቀየሪያ ክፍል ወለል ላይ ተቀምጣ ነበር። ለምሳ ወጥታ ነው መልእክቱን ያየችው። በእኛ ወግ መርዶ በስልክ አይነገርም። ቅርብ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሰውየው እህል ውኃ መቅመሱን አረጋግጦ፣ ማልዶ ሄዶ ነው የሚያረዳው። ባሕር ማዶ ላለው እንኳ በሥራ ቦታው እንዳይሰማ በዚያው ላሉ ወዳጆች ይነገርና እነሱ ቤቱ ድረስ ይሄዳሉ። የገዛ ወንድሟ በአራት አጭር ዓረፍተ ነገር መርዶ ጽፎ «አታስቢ» ብሏት፣ ስትደውል ስልክ አላነሳም። ከሐዘኑ እኩል የጎዳት ይህ እንደነበር በኋላ ነገረችኝ። ያንን ስሰማ አንገቴን ደፋሁ፤ ዛሬም ሳስበው ይጨንቀኛል።

ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ተመታ። ሻማ ፍለጋ ኩሽና ውስጥ እየዳበስኩ ነበር። ጋሼ ቀደሙኝ። ለእሳቸው ጨለማ አዲስ ነገር አይደለም፤ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየተከተሉ፣ ቤቱን በወጉ ሳያውቁት፣ በሩ ጋ ደርሰው መቀርቀሪያውን ከፈቱ። ውጭ አክስቴ ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር ቆማለች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ አጣፍታለች፤ ዝናቡ አበስብሷታል። እህቴ ደውላ ስታለቅስ ሰምታ የራሷን ስልክ አልጋ ላይ ጥላ ነው የወጣችው። አንደኛዋ ጎረቤት የስልኳን መብራት ቀና ስታደርግ ብርሃኑ የጋሼ ፊት ላይ አረፈ።

አክስቴ የጮኸችውን ጩኸት መጻፍ አልችልም። ጋሼ እሷን በድምፅዋ ለዩዋት፤ የሚያለቅሱለትን ሰው ግን አላወቁትም። «ማን ሞተ?» አሉ ድንግጥ ብለው። «ንገሪኝ እንጂ፣ ማን ሞተ?» አክስቴ ጉልበታቸውን አቅፋ «እርስዎ ነዎት? እርስዎ ነዎት?» ትላለች። ጋሼ ጭንቅላቷን እየደባበሱ «እኔ ነኝ፤ እኔማ አለሁ» ይላሉ። ሻማውን ይዤ ስደርስ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የላክሁትን መልእክት ከጎረቤቷ ቃል ስሰማ እግሬ ከዳኝ።

ቶሎ እህቴ ጋ መደወል ነበረብን። የጎረቤቷ ስልክ በእጃችን ነው፤ ሂሳብም አለው። የእህቴን ቁጥር ግን ማንም አያውቀውም። የእኔ ስልክ ውስጥ አለ፤ የእኔ ስልክ ጠቁሯል። የአክስቴ ስልክ ውስጥ አለ፤ የእሷ ቤቷ ነው። ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ ብዬ ጀመርኩና ከአካባቢው መለያ በኋላ ጠፋብኝ። ዓመታት ሙሉ ስሟን ነክቼ እንጂ ቁጥሯን ደውዬ አላውቅም።

«የእኔን ስልክ ከቦርሳዬ አውጣው» አሉ ጋሼ።

ባለ በተን ስልክ ናት፤ ወፍራም፣ ጠርዟ የተላጠ። አበሯት፤ ቀን ሙሉ ስለተዘጋች ባትሪዋ አልጎደለም። «ቁጥሩን ያውቁታል?» አልኳቸው። «እኔ አላውቀውም፤ እጄ ያውቀዋል» አሉ። አውራ ጣታቸው ቁልፎቹን ዳበሰና አንዷ ላይ ቆመ። የ5 ቁጥር ቁልፍ ላይ ያለችውን እብጠት አገኛት። ከእሷ ተነስቶ ወደ ታች ወርዶ ዜሮን ሁለት ጊዜ ተጫነ፤ ወደ ላይ ወጥቶ አንድን። ከዚያ ሳያቆም ቀጠለ። ስክሪኑን አላዩትም፤ ቢያዩትም አይታያቸውም። ፊታቸው ወደ እኔ ዞሯል። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። እሁድ እሁድ ሚስኮል የሚያደርጉላት እሳቸው ናቸው፤ አንዴ ያስጠሩና ይዘጉታል፣ እሷ መልሳ ትደውላለች። ለዓመታት በየሳምንቱ የተደገመ ነገር ነው። ያን ዕለት ማታም ልማዳቸው ሆኖ አንዴ አስጠሩና ዘጉት። ጮኽኩ፤ «አይዝጉት!» ብዬ። «ትደውላለች» አሉ ረጋ ብለው።

ደወለች። የሞቱ ሰው ቁጥር ሚስኮል ሲያደርግላት ምን እንደተሰማት መገመት አልችልም። ጋሼ አረንጓዴዋን ቁልፍ በጣታቸው ጫፍ ለይተው ተጫኗት። ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። ከወዲያ ድምፅ የለም። «አቤት ልጄ» አሉ ጋሼ፤ «አለሁ። መንገዱ ነው ያስቸገረን። ምሳ በላሽ?» ከዚያ በኋላ ከስልኳ የወጣው ለቅሶ ከቅድሙ የተለየ ነበር፤ አክስቴም አብራት አለቀሰች፤ ጎረቤቶቹም። ሻማው እስኪያልቅ ተቀምጠን አወራን።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ገባሁና ያቺን ቃል በትልቁ ኪቦርድ ጻፍኳት። በእንግሊዝኛ ቁልፎች በድምፅ አማርኛ ስንጽፍ «መ» ማለት ኤምን ተጭኖ ኢን ማስከተል ነው፤ «ሞ» ማለት ኤምን ተጭኖ ኦን ማስከተል ነው። ኢ ያለችው በግራ እጅ በኩል ነው፤ የግራ መሀል ጣት ይጫናታል። ኦ ያለችው በቀኝ ዳር ነው፤ የቀኝ ቀለበት ጣት ይጫናታል። በመምጣትና በመሞት መካከል የሁለት እጅ ርቀት አለ ማለት ነው። አንዱን ስል ሌላውን መጻፍ ብፈልግ እንኳ እጄ ያስቆመኛል። መስታወቱ ላይ ግን ስድስቱ ወንድሞች ከግዕዙ በላይ አንድ መስመር ላይ ተደርድረው ይወጣሉ፤ ከአንዱ እስከ ሌላው ከጣት ውፍረት አይበልጥም። ቦዩ የለም፣ ጠርዙ የለም፣ ጠቅታው የለም።

ለሌላው ቋንቋ ጉዳቱ ይህን ያህል ላይከብድ ይችላል። እኛ ግን አናባቢያችንን በፊደሉ አካል ውስጥ ነው የምንሸከመው። 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃሎቹን ሳይቆጥሩ። የአንዱ እግር ቢያጥር፣ የሌላው ቀለበት ቢዞር ቃሉ ሌላ ነው። ፊደላችንን በማሽን ላይ ማስገባት ያደከማቸው ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲነሱ ከፊታቸው የቆመው ጥያቄ ይኸው ነው፤ ይህን ሁሉ ፊደል በጥቂት ቁልፍ እንዴት ይሸከሟል? ከእሳቸው በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ የነበሩት ታይፒስቶች በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ላይ ዓይናቸውን ከረቂቁ ሳያነሱ ይጽፉ ነበር።

መስታወቱን ግን መበደል አልፈልግም። ለፊደላችን ቸር ሆኖለታል። የፕላስቲክ ቁልፍ ላይ ፊደል ለማሳተም ፋብሪካ ማሳመን ያስፈልጋል፤ መስታወት ላይ ለመሳል አንድ ፕሮግራመር ይበቃል። የአማርኛ ኪቦርድ በየስልኩ የገባው በዚህ በር ነው፤ የእኛው ልጆች እየሠሩ ለሕዝብ ሰጡት። በእንግሊዝ ፊደል አማርኛ የምንጽፍበትን ዘመን አስታውሳለሁ፤ «መጣ» እና «መታ» አንድ ዓይነት ሆነው ይደርሱ ነበር። ልጁ መጥቶ ይሁን መትቶ ለማወቅ መልሶ መደወል ነበር። ከዚያ ያወጣን መስታወቱ ነው፤ ይህን አልክድም። ሠሪዎቹን የምለምነው ያንን ቸርነት ሳይነሱን ለእጃችንም የሚዳሰስ ነገር እንዲተዉልን ነው። በእጅ የሚያዝ እቃ ለጌሙ 16 ቁልፍ ሲደረድር፣ ተጫዋቹ ሳያይ እንዲመታ ብሎ ነው። ለዝላይና ለተኩስ የታሰበው ያህል ለቃልም ይታሰብለት።

እኔ ለራሴ መፍትሔ አግኝቻለሁ። መዳፍ የምታክል የብሉቱዝ ኪቦርድ ገዛሁና ከጌም እቃው ቦርሳ ጋር አሰርኳት። ቁልፎቿ እንደ ጂፒዲዬ ሽምብራ ያክላሉ። ይህን ጽሑፍ አብዛኛውን የጻፍኩት በእሷ ነው። የእህቴን ቁጥርም በቃሌ አጠናሁ፤ ጠዋት ጠዋት ጣቴ እንዲለምደው ደጋግሜ እደውለዋለሁ፣ ሳላስጠራ።

ሐሙስ ጋሼ የአንዱን ዓይናቸውን ኦፕራሲዮን ተደረጉ። ዓርብ ጠዋት ፋሻው ተነሳ። መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው፤ «አርጅተሃል» አሉኝ። ቤት ስንመለስ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ያገኙትን ሁሉ እያነሱ ያያሉ፤ ብርጭቆውን፣ የእጃቸውን ጀርባ፣ የነጠላቸውን ጥለት። ከኪሳቸው ስልኳን አወጡና ወደ ብርሃኑ አስጠግተው አገላበጧት። ዝም አሉ።

«ይህች ስልክ ቁጥር የላትም እንዴ?» አሉኝ።

ተቀብዬ አየኋት። እውነታቸውን ነው። የቁልፎቹ ቁጥሮች በጣታቸው ተፍቀው አልቀዋል፤ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ሁሉም ባዶ ነው። መሀል ላይ ያለችው እብጠት ብቻ ቀርታለች።